ለግልገል ግመል የሰፋሁት ካፖርት

በቀደም አዳማ የምትኖረው ልጄ ሰላም በስልኬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንገቱ እንደ ግመል የረዘመ፣ ጠጉሩ እንደ በግ የተንጨፈረረ፣ ፊቱ ደግሞ አሁን ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው የሚመስል እንስሳ ነው። አልፓካ ይባላል፤ በሩቅ አገር፣ ብርዳማ ተራራ ላይ የሚረባ የግመል ዘመድ ነው አለችኝ። ዘመድነቱንስ ከንፈሩን ሳየው አምኛለሁ። ባለቤቶቹ በዓመት አንዴ ጠጉሩን ይሸልቱታል፣ ጥፍሩን ይከረክሙለታል፣ ብቻውን ሲሆን ስለሚተክዝ ጓደኛ ያመጡለታል፤ ግልገሉ በብርድ ወቅት ከተወለደ ደግሞ ኮት ያለብሱታል። ቪዲዮው ላይ አንዲት ግልገል ቀይ ኮቷን ለብሳ ትንጎራደዳለች። ሰላም ከስሩ በድምፅ «አባዬ፣ አየህልኝ? ለእንስሳ ኮት! ሥራ ፈት እኮ ናቸው!» ብላ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። መነጽሬን አጥልቄ ያየሁት ስፌቱን ነው። ትከሻዋ ላይ ይጎትታታል፣ ከሆዷ ስር ያለው መያዣም ላልቷል። ለባለቤቴ ለአስካለ አሳየኋትና «ይሄን የሰፋው ሰው ልክ መውሰድ አያውቅም» አልኳት። አስካለ ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ እንደገና አራቀችው። ከዚያ «ካፖርት ትዝ አለችህ?» አለችኝ። ትዝ አለችኝ እንጂ!

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አሁን ዓይኔ ስለደከመ ነበርኩ ብል ይሻላል። ጅጅጋ የመጣሁት ገና ጺሜ ሳይጠነክር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሸሽቼ፣ አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ ብዬ ነው። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ሸበትኩ። ሱቄ ከቁም እንስሳት ገበያው ወደ መሀል ከተማ በሚመጣው መንገድ ጥግ፣ በሻይ ቤቱና በጫት ሻጮቹ መካከል ነበረች። ዛሬ በቦታዋ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሞ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ያኔ ግን ከቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ስስ ጨርቅ በሯ ላይ ተሰቅሎ፣ የጅጅጋ ነፋስ ሲነሳ ብርቱካኑም አረንጓዴውም አንድ ላይ ይውለበለብ ነበር። ሴቶቹ ጨርቁን ይመርጡና እዚያው ቆመው ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ አሰፍተው ይሄዳሉ። ለኢድ ሰሞን እጄ ከስፌት መኪናው አይነሳም ነበር፤ ለገና ደግሞ የኛዎቹ በተራቸው ይመጣሉ። ሱሪ ማሳጠር ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሻይ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ኡድ በሚባለው ባለ ክር መሣሪያ የሚታጀብ የሶማልኛ ዘፈን ይከፍታል፣ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ለእኔ ሲል የአማርኛ ትዝታ ያስገባና በመስኮት ብቅ ብሎ «ደዋርሌ፣ ደስ አለህ?» ይለኛል። ደዋርሌ በሶማልኛ ልብስ ሰፊ ማለት ነው፤ ሰፈሩ በዚህ ስም ሲጠራኝ ኖሮ በየነ የሚለውን የሚያስታውሱት ጎረቤቶቼ ብቻ ነበሩ። አሁን ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ በፌስታል ገዝቶ ይገባል። ትከሻው ይውደቅ፣ እጅጌው ይርዘም፣ ግድ የለውም፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ሳየው እጄን ይበላኛል።

ያ የማወራችሁ ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። በኔ ዕድሜ ግን ሰባት ዓመት ማዶ ነው። ክረምቱ ለከተማው ክፉ ነበር። ምን እንደሆነ አልዘረዝርም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ባያውቀው ይሻለዋል። ሱቆች ተዘጉ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ፣ የኔም ሱቅ በር ተገንጥሎ የጨርቅ ጣቃዎቼ ሁሉ ሄዱ። የስፌት መኪናዬ የተረፈችው በሆደን ነው። ሆደን ጎረቤታችን ናት፣ በመካከላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ያን ቀን እሷና ልጆቿ መኪናዋን ከሱቁ ተሸክመው ወደ ግቢያቸው አስገቡና የወተት ዕቃ ደርድረው ሸሸጓት። እኔንና አስካለንም ነገሩ እስኪረግብ ድረስ ከልጆቿ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ አስተኛችን። አንድ ቀን እንኳን ይሄን ውለታ ብላ አንስታው አታውቅም። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን አስካለ ሁለት ሻንጣ ሞላች፣ በሰማያዊ የናይለን ገመድ ጠፍራ አሰረቻቸውና በሩ ጥግ አቆመቻቸው። «የጥቅምቱ ዝናብ ሲያባራ እንሄዳለን» አለች። ወዴት ብላት ገመዱን ይበልጥ አጠበቀችው። ሻንጣዎቹ ግን እዚያው በሩ ጥግ ቆመው ስገባም ስወጣም ያዩኛል።

ሆደን ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በግመል ወተት ነው። በሀርሺን መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ የእሾህ በረት አላት። ከዚያ በፊት የነበረው ድርቅ ግመሎቿን አመናምኖባት፣ በዚያ ወቅት ልትወልድ የደረሰችው ዓዶ ብቻ ነበረች። ዓዶ ነጯ ማለት ነው፤ ቁመቷ የቤት ጣሪያ የሚያህል፣ ኩሩ፣ ሰው የማትወድ ግመል ናት። እኔ ሥራ ስለሌለኝ ከሆደን ጋር ወደ በረቱ መሄድ ጀመርኩ፤ ቁጭ ብዬ ሻንጣ ከማይ ይሻለኛል። እዚያ ነው ግመል መጠበቅ ማለት መከተል ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት። መዥገሯ በእጅ ይለቀማል፣ እከክ እንዳይዛት ቆዳዋ ይዳበሳል፣ ጨው ሲያምራት የአጥሩን እንጨት መላስ ስለምትጀምር ጨዋማ አፈር ይፈለግላታል። ስትታለብ አላቢዋ በአንድ እግሯ ትቆምና የሌላውን እግሯን ጉልበት አጥፋ ዕቃውን እላዩ ላይ ታሳርፋለች። እኔ ያን ልሞክር ብዬ በቂጤ ስቀመጥ ሆደን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከአራቱ ጡቶች ሁለቱ የግልገሉ ናቸው፤ ሰው የሚያልበው ሁለቱን ነው። ከሁሉም በላይ ግን ግመል ግልገሏን ካላየችና ካላሸተተች ወተቷን አትለቅም። ጡቷ አጋቶ ቢወጠር እንኳን ትይዘዋለች፤ ትንሽ ከሰነበተ ደግሞ ይነጥፋል። ሆደን ይህንን ስትነግረኝ የዓዶን ሆድ እያሻሸች ነበር። «ይቺ በሰላም ከወለደችልኝ፣ ጋሽ በየነ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት አይወጡም። ከዚያ በላይ አላህን ምንም አልለምነውም» አለችኝ።

ዓዶ የወለደችው የጥቅምቱ ዝናብ እንደጀመረ ነው። ግልገሉ ግን ውሎ አላደረም። ሆደን በአጥሩ ላይ ስትጠራን ድምፅዋ ገና እንደተሰማ አስካለ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። በረቱ ስንደርስ ዓዶ ግልገሏ የወደቀበትን መሬት እያሸተተች ታቃስታለች። እኔ እንስሳ እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ሆደን ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ቢላዋ አስልታ የግልገሉን ቆዳ ገፈፈች፣ ቀጥላ ስልኳን አውጥታ ሀርሺን ላለው ወንድሟ ለዱዓሌ ደወለች። ዱዓሌ ዘንድ ደግሞ እናቷን የጭነት መኪና መንገድ ላይ የገደለባት ግልገል ነበረች፣ የፍየል ወተት በጠርሙስ እየተጋተች የምትከሳ። በማግስቱ በፒክአፕ መኪና ጭኖ አመጣት። እግሮቿን አጥፎ፣ በሽርጡ ጠቅልሎ፣ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አስደግፎ ነው የመጣው። ግልገል የሌላት እናት፣ እናት የሌላት ግልገል። እኔ በልቤ አለቀ፣ ተገጣጠሙ ብዬ ነበር።

ለካ አላለቀም። ግመል የሰው ልጅ አይደለችም፣ አዝኜላት ላሳድጋት አትልም። ግልገሏን የምታውቀው በጠረኑ ነው። ስለዚህ የሟቹ ቆዳ ለመጣችው ይለበሳል፤ እናት አሽታ የኔ ናት ብላ ትቀበላታለች። ይህ የአባት የአያት ዘዴ ነው። ችግሩ የሀርሺኗ ግልገል ከሟቹ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ቆዳው አልበቃትም። ዱዓሌ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጎ በገመድ ሲያስረው ይንሸራተታል፣ ልትጠባ ስትጠጋ ሆዷ ስር ይዞራል፣ ዓዶ ደግሞ የማታውቀው ጠጉር ሲገለጥላት በእግሯ ታባርራታለች። አንዴ ትከሻዋን ነክሳታለች። ግልገሏ ዳር ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓዶ ወተቷን ይዛ ትቆማለች፣ ሆደን ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች። በማግስቱ ጠዋት ቆዳውን በፌስታል ይዛ ቤታችን ገባች። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሽ በየነ፣ አንተ ትከሻ ለሌለው ሰው ትከሻ ሰፍተህ ሠርግ የላክህ ሰውዬ ነህ። ለዚች ልጅ ካፖርት ስፋልኝ። ወላሂ፣ ከዛሬና ከነገ ካለፈ ወተቱ ይነጥፋል፣ እሷም ትሞታለች» አለችኝ። 

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ስሄድ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ግልገሏን እንደማንኛውም ደንበኛ ልኳን ወሰድኩ፤ አንገት፣ ደረት፣ ከትከሻ እስከ ጅራት። ስለካት ሜትሩን ልትጠባው ሞከረች። ቤት ተመልሼ ቆዳውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ሰፊ መጀመሪያ የሚያደርገው ዳር ዳሩን ማስተካከል ነው፤ ያልተስተካከለ ጠርዝ ላይ ስፌት አይጀመርም። ስለዚህ በመቀሴ የተንጠለጠለውን ሁሉ ቆርጬ አነሳሁ፣ የእግሮቹን ጫፍ፣ የአንገቱን ብጥስጣሽ፣ ጅራቱንም ጭምር፤ ጅራት ላይ ምን ይሰፋል? ቁርጥራጩን ከጠረጴዛው ስር ወዳለው ጆንያዬ ወረወርኩት። ከዚያ ቆዳ የሚሰፋበት ጠንካራ ክርና ወስፌ ፍለጋ ወደ ጫማ ሰፊዎቹ ተራ ወጣሁ። ሰዎቹ ሻይ ጋበዙኝ፣ ለግመል ነው ስላቸው ሳቁ፣ ሌላ ሻይ ጋበዙኝ።

ስመለስ ቆዳው ግቢያችን ውስጥ በልብስ መስቀያው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አስካለን የማያውቅ ሰው ሊገርመው ይችላል። አስካለ ማለት ከገበያ የመጣ ብር እንኳን እጇ ላይ ቢቆሽሽ በጨርቅ የምትጠርግ ሴት ናት። ከሱቄ ልብስ ሳይታጠብና ሳይተኮስ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሜ የቆመው ግማሹ በመቀሴ፣ ግማሹ በእሷ ሳሙና ነው። ቆዳውን በዱቄት ሳሙና አሽታ አጥባዋለች፣ በሎሚ አለቅልቃዋለች፣ ጠጉሩን በአሮጌ ማበጠሪያ አበጥራዋለች። «ደም ነበረበት እኮ! ለሕፃን የቆሸሸ ነገር ይለበሳል?» አለችኝ፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። ያማረ ነበር፣ አልዋሽም። እኔም ሞኙ፣ ሐሳቤ ሁሉ ልኩ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ጠረን በመገላገሌ ደስ ብሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሁለቱም ጎን ከተረፈኝ የፍላኔል ጨርቅ ማስፊያ አስገባሁለት፣ አንገቱን በእጥፍ ዘመዘምኩት፣ ከደረትና ከሆድ ስር የሚታሰር ማሰሪያ ሠራሁለት። ለአገረ ገዢ ብሰፋ ከዚያ አላስበልጥም። አስካለ ዞራ ዞራ አየችውና «ይሄማ ካፖርት ነው» አለች። የግልገሏም ስም ከዚያ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በባጃጅ ወደ በረቱ ሄድን። አስካለ ካፖርቱን በነጠላዋ ሸፍና አቅፋዋለች። ስናለብሳት ልክክ አለላት፤ ብትራመድ፣ ብትተኛ፣ ብትነሳ ንቅንቅ አይልም። ዱዓሌ እንኳን፣ ብዙ የማይናገረው ሰውዬ፣ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ወደ ዓዶ አስጠጋናት። ዓዶ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ከጀርባዋ ጀምራ አሸተተች፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዓዶ አነጠሰች። አንድ የሚያስደነግጥ ትልቅ ማስነጠስ ነው፣ ምራቁ እኔ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ግልገሏን በደረቷ ገፍታ ጣለቻትና ወደ በረቱ ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። ሆደን ግልገሏን ከመሬት አንስታ አፍንጫዋን ካፖርቱ ላይ ቀበረች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። «ሳሙና» አለች። «ይሄ ሳሙና ነው። ሎሚ ነው። ማን ነው ያጠበው?»

አስካለን ማየት አቃተኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። በዚያ ክፉ ጊዜ ምንጣፏ ላይ ያስተኛችንን ሴት የልጆቿን እንጀራ በገዛ እጃችን አጥበን አጠፋንባት። አስካለ በመጨረሻ «እኔ ነኝ፣ ሆደን፤ ንጹህ ይሁንላት ብዬ ነው» አለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ። ሆደን ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጠጋ አለቻትና «ወላሌ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እኔ አልነገርኩሽም» አለቻት። ወላሌ ወንድሜም እህቴም ማለት ነው። ይሄ ከቁጣ ይብሳል። ዱዓሌ የግልገሏን ጀርባ እየደባበሰ በሶማልኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፣ ሆደንም እንደ ደከመው ሰው ተረጎመችልኝ፤ «ጅራቱ ቢኖር ይላል። እናት ግልገሏን የምታሸተው ከጅራት ስር ነው። ሌላው ቢታጠብም ጅራቱ ቢኖር...»

«ጅራቱ አለ!» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ ዓዶ ዞራ አየችኝ። ሦስቱም አፈጠጡብኝ። ሰፊ ቁርጥራጭ ይጥላል እንዴ? አርባ ዓመት ሙሉ አስካለ በዚያ ጆንያ ስትጨቀጭቀኝ ኖራለች፤ ቁርጥራጩ አቧራ ያመጣል፣ አይጥ ያመጣል፣ አንድ ቀን በእሳት ታቃጥለዋለች። እኔም አንድ ቀን ያስፈልጋል እያልኩ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ እንኳን «በየነ፣ ጠረጴዛህ ስር የሞተ ነገር አለ፣ ይሸታል» ስትለኝ ነበር። አስካለ አሁን ፊቴን አየችና ገባት። በሕይወቴ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ባጃጁን ከመንገድ መልሳ አስነሳችው፣ ነጠላዋ ከኋላዋ ይውለበለባል፣ እኔ እንኳን እስክገባ አልጠበቀችኝም። ፀሐይ ወደ ካራማራ ሳታዘነብል ጆንያውን ሙሉውን ተሸክማ ተመለሰች። ለመምረጥ ጊዜ አላጠፋችም። የኢድ ቀሚሶች ቁራጭ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ፣ የሱሪ ጫፍ፣ የዓመታት ሥራዬ በረቱ መሀል ተዘረገፈ፤ ጅራቱም ከመካከሉ ወጣ። ይሸታል። ያንን የመሰለ ደስ የሚል ሽታ አሽትቼ አላውቅም!

መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ዱዓሌ ግልገሏን ይዞልኝ፣ ጅራቱን ከካፖርቱ ጫፍ ላይ ሰፋሁት፤ የእግሮቹንና የአንገቱን ብጥስጣሽም ጎንና ጎኑ ላይ ጣል ጣል እያደረግሁ አያያዝኩ። ያማረ ሥራ አልነበረም። ሁለት ጅራት ያላት ግልገል ሆነች፣ የራሷ ከስር፣ የሟቹ ከላይ። እንደገና አስጠጋናት። ሆደን ከፊት ሆና መዝፈን ጀመረች፤ ግመል ሲያልቡ የሚዘፍኑላት ዝግ ያለ ነገር ነው፣ ቃሉን አላውቀውም። ዓዶ መጀመሪያ አልመጣችም። ቆይታ አንገቷን ዘረጋች። ጀርባዋን ዘለለች፣ ጎኗን ዘለለች፣ ጅራቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ከደረቷ የወጣ እምም የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እኔ ያለሁበት መሬት ድረስ የመጣ መሰለኝ። ግልገሏ ከሆዷ ስር ገባች፣ ትንሽ ተደናበረች፣ ያዘች። አፏ ዳር ላይ ነጭ አረፋ ታየ። ሆደን ዘፈኗን ሳታቋርጥ እንባዋ ይወርዳል። ዱዓሌ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። አስካለ በበኩሏ በዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ መሀል ተቀምጣ ስትስቅ ስታለቅስ፣ ጅራቱን በነካካ እጇ ፊቷን ትጠርጋለች፣ አልታወቃትምም።

የዚያን ምሽት ቤት ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻንጣዎቹን ሳላያቸው አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አስካለ በሩ ጥግ ቁጭ ብላ ሰማያዊውን ገመድ ትፈታለች። «ለምንድነው?» አልኳት። «ካፖርት የምትታሰርበት የላትም፤ የዱዓሌ ገመድ አንገቷን ይቦጭራታል» አለችኝ። ገመዱን ይዛ ሄደች፣ ሻንጣዎቹም ተከፍተው ቀሩ። ከሳምንት በኋላ ሸሚዜን ስፈልግ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ መሄድ ያነሳ ሰው የለም።

ካፖርቱን ጥቂት ቀን ከለበሰች በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስን አወለቅንላት፤ ዓዶም ያኔ የግልገሏን የራሷን ሽታ ለምዳዋለች። ወተቱ ሞላ። የሆደን ልጆች ከትምህርት ቤት አልወጡም፤ ትልቋ አሁን እዚሁ ከተማ ነርስ ናት፣ የደም ግፊቴን ስትለካ እኔ ደግሞ የነጭ ጋውኗን እጅጌ አያለሁ፣ ይረዝምባታል። ሱቄን እንደገና ከፍቼ፣ ዓይኔ እስኪደክም ሠርቼ ዘጋሁ። አስካለ ከሁላችን በላይ የበረት ሰው ሆነች። የማለብ ነገር አልሆነላትም፣ መዥገር ለቀማ ላይ ግን የሚስተካከላት የለም፤ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ እየለቀመች ካፖርትን ታወራታለች፣ በአማርኛ። ሆደን «ይቺ ግመል በሶማልኛ ብጠራት አትሰማኝም፣ የናንተው ናት» ትላለች።

ይህን የጻፍኩት በቪዲዮው ምክንያት ብቻ አይደለም። ቪዲዮውን ካየን ከጥቂት ቀን በኋላ ሆደን በቆርቆሮው አጥር ላይ እንደ ድሮው ጮኸች፤ «ጋሽ በየነ! አስካለ! ካፖርት ወልዳለች!» ደንግጬ ነው የተነሳሁት፤ ያ ድምፅ ከዚያ አጥር ላይ አንድ ጊዜ ክፉ ነገር አሰምቶኛል። ሆደን ስጋቷን አልደበቀችም። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ አንዳንድ አዲስ ወላድ ግመል ግልገሏን አላውቅም ብላ ትገፋለች፤ ይቺ ደግሞ በተበደረችው ቆዳ ያደገች ናት። አስካለ ወሬውን ሰምታ እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ሆደን ከኋላዋ «እንዳትነኪው ያንን ሳሙና!» ብላ ጮኸችባት፣ ሦስታችንም በሳቅ ሞትን። ስንደርስ ግን ማንም አልሳቀም። ካፖርት ቆማለች፣ ግልገሉ ከእግሯ ስር ተንገዳግዶ ሊነሳ ይሞክራል፣ ይወድቃል። ካፖርት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች። ሆደን እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ ካፖርት ያን ረጅም አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ከጅራቱ ስር አሸተተችው፣ ቆየች፣ ያ የማውቀው እምም የሚል ድምፅ ከደረቷ ወጣ። ያለ ቆዳ፣ ያለ ክር፣ ያለ እኔ። የያዝኩትን ትንፋሽ ስለቅቅ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዤው የነበረ ነው የመሰለኝ።

ግልገሉ ጠብቶ ሲጠግብ ወደ አስካለ መጣ። ገና እርጥብ ነው፣ የእናቱ ምላስ ያልደረሰበት ሁሉ ይጨቀያል። ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ አሻሸ፣ ነጭ ነጠላዋን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቀባት፣ እሷም እንደ ልጅ ልጅ አቅፋ ዝም ብላ አሻሸችው። ማታ ቤት ስንገባ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አውልቃ ወደ ማጠቢያው ሳፋ ሄደች። ሳሙናውን አነሳች፣ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሳሙናውን መልሳ ነጠላውን እንደቆሸሸ አጠፈችው፣ ድሮ ሻንጣዎቹ ይቆሙበት ከነበረው በር ጥግ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ አላጠበችውም።